መድኃኒቱን የሚላመደው ጀርሙ ነው፦ ፀረ-ባክቴሪያ መድኃኒትን የሚቋቋሙ ኢንፌክሽኖች በሕፃናት ላይ

በተለምዶ አንቲባዮቲክ የሚባሉት ፀረ-ባክቴሪያ መድኃኒቶች በባክቴሪያ አማካይነት የሚከሰቱ ሕመሞችን ለማከም የሚያገለግሉ ናቸው። አሞክሳሲሊን፣ አምፒሲሊን፣ ጄንታማይሲን፣ ሴፍትሪያክሶን፣ አዚትሮማይሲን እና ሲፕሮፍሎክሳሲን በአገራችን የጤና ተቋማት በብዛት ከሚታዘዙት መካከል ይጠቀሳሉ። የሳንባ ምች፣ ማጅራት ገትር ወይም የደም መመረዝ የያዘው ሕፃን በሕይወት የመትረፍ ዕድሉ በአብዛኛው የተመሠረተው እነዚህ መድኃኒቶች በወቅቱ በመሰጠታቸውና መሥራት በመቻላቸው ላይ ነው።

ይሁን እንጂ ባክቴሪያዎች እነዚህን መድኃኒቶች እየተላመዱ በመምጣታቸው ቀድሞ በቀላሉ ይድኑ የነበሩ ሕመሞች ለሕክምና አስቸጋሪ እየሆኑ ነው። በዓለም አቀፍ ደረጃ በተደረገ ግምት መሠረት እ.ኤ.አ. በ2019 ብቻ መድኃኒት የተላመዱ ባክቴሪያዎች በቀጥታ ለ1.27 ሚሊዮን ሰዎች ሞት ምክንያት ሆነዋል። ከእነዚህ መካከል ከ5ቱ አንዱ ዕድሜው ከ5 ዓመት በታች የሆነ ሕፃን ነው። ከሰሐራ በታች ያሉ የአፍሪካ አገሮች ደግሞ የችግሩ ጫና ከፍተኛ ከሆነባቸው የዓለም ክፍሎች ተርታ ይመደባሉ።

ይህ ጽሑፍ ወላጆችና አሳዳጊዎች ስለ ችግሩ ምንነት፣ ሕፃናት መቼ ፀረ-ባክቴሪያ መድኃኒት እንደሚያስፈልጋቸውና መቼ እንደማያስፈልጋቸው፣ እንዲሁም በጤና ተቋምና በቤት ውስጥ ማድረግ ስለሚገባቸው ጥንቃቄ ግልጽ መረጃ እንዲያገኙ የተዘጋጀ ነው።

የሚላመደው ማን ነው?

በዕለት ተዕለት ንግግር «ልጄ መድኃኒቱን ስለለመደው አልሠራ አለው» ሲባል ይሰማል። ይህ አባባል ቀላል ቢመስልም ወደ ተሳሳተ ግንዛቤ ይመራል። መድኃኒቱን የሚላመደው የሕፃኑ ሰውነት ሳይሆን ሕመሙን ያስከተለው ባክቴሪያ ነው።

ልዩነቱ በተግባር ትልቅ ትርጉም አለው። የሚላመደው የልጁ ሰውነት ቢሆን ኖሮ መድኃኒት ወስዶ የማያውቅ ሕፃን ከችግሩ ነፃ በሆነ ነበር። እውነታው ግን እንደዚያ አይደለም። ከተወለደ ገና 3 ቀን የሆነው፣ አንድም ፍሬ መድኃኒት ያልወሰደ ጨቅላ ሕፃን መድኃኒት በተላመደ ባክቴሪያ ሊጠቃ ይችላል። ባክቴሪያው መድኃኒቱን የተላመደው በሌላ ሰው ሰውነት፣ በሌላ ቤት፣ በሌላ ጊዜ ወይም በእንስሳት ላይ ሊሆን ይችላል፤ ከዚያም በእጅ፣ በውኃ፣ በምግብ፣ በሕክምና መሣሪያ ወይም በወሊድ ወቅት ወደ ሕፃኑ ይተላለፋል።

በመሆኑም በአንድ ቤት ያለአግባብ የተወሰደ መድኃኒት ጉዳቱ በዚያ ቤት አይቆምም። ጎረቤት የተወለደው ሕፃን በታመመበት ሌሊት ሐኪሙ የሚያዝለት መድኃኒት መሥራት አለመሥራቱ፣ ሌሎቻችን ያንኑ መድኃኒት ከዚያ በፊት በተጠቀምንበት አኳኋን ላይም የተመሠረተ ነው።

ባክቴሪያዎች መድኃኒትን የሚላመዱት እንዴት ነው?

ባክቴሪያዎች በዓይን የማይታዩ፣ እጅግ በፍጥነት የሚራቡ ሕያዋን ናቸው። በተመቻቸ ሁኔታ አንዳንዶቹ በ20 ደቂቃ ውስጥ አንዱ ሁለት ይሆናሉ። በዚህ ፈጣን መራባት ሂደት ጥቂቶቹ በዘረ-መላቸው ላይ በሚከሰት ለውጥ መድኃኒቱን መቋቋም የሚያስችል ባሕርይ ይይዛሉ። መድኃኒት ሲሰጥ የሚሞቱት ያልተላመዱት ሲሆኑ የተላመዱት ይተርፋሉ። ተወዳዳሪ ስለማይኖራቸውም ቦታውን ይዘው ይራባሉ። ነገሩ ፀረ-አረም በተደጋጋሚ በሚረጭበት ማሳ ላይ ኬሚካሉ ያልገደለው አረም ብቻውን እንደሚንሰራፋ ዓይነት ነው።

ባክቴሪያዎች መድኃኒትን የሚቋቋሙባቸው ዋና ዋና መንገዶች የሚከተሉት ናቸው።

- መድኃኒቱን የሚሰባብር ኢንዛይም ማምረት፤ ፔኒሲሊንና ተመሳሳይ መድኃኒቶች ኃይላቸውን የሚያጡት በአብዛኛው በዚህ መንገድ ነው፤
- መድኃኒቱ ወደ ውስጥ እንዳይገባ የውጭ ሽፋናቸውን መለወጥ፤
- የገባውን መድኃኒት መልሰው ወደ ውጭ መግፋት፤
- መድኃኒቱ የሚያጠቃውን የአካላቸውን ክፍል መለወጥ።

ከዚህም በላይ አሳሳቢ የሚያደርገው ባክቴሪያዎች ይህንን ባሕርይ ለሌሎች ባክቴሪያዎች ማስተላለፍ መቻላቸው ነው። በአንጀት ውስጥ ጉዳት ሳያደርስ የሚኖር ባክቴሪያ የመላመድ ባሕርዩን ለበሽታ አምጪ ባክቴሪያ ሊያጋራ ይችላል። ስለዚህ ለጉንፋን ተብሎ በከንቱ የተሰጠ ፀረ-ባክቴሪያ መድኃኒት ጉንፋኑን ሳያድን በልጁ አንጀት ውስጥ የተላመዱ ባክቴሪያዎች እንዲበዙ ያደርጋል።

ጉዳዩ አዲስ ግኝት አይደለም። ፔኒሲሊንን እ.ኤ.አ. በ1928 ያገኘው አሌክሳንደር ፍሌሚንግ እ.ኤ.አ. በ1945 የኖቤል ሽልማት በተቀበለበት ወቅት ባደረገው ንግግር፣ መድኃኒቱ ከሚገባው መጠን ባነሰ ከተወሰደ ባክቴሪያዎች ሊላመዱት እንደሚችሉ አስጠንቅቆ ነበር።

ሕፃናት ይበልጥ የሚጎዱት ለምንድን ነው?

የመከላከል አቅማቸው ያልዳበረ መሆኑ። ጨቅላ ሕፃናት፣ በተለይም ጊዜያቸው ሳይደርስ ወይም ዝቅተኛ ክብደት ይዘው የተወለዱ፣ ኢንፌክሽን በሰዓታት ውስጥ ሊባባስባቸው ይችላል። በምግብ እጥረት የተጎዱ ሕፃናትም ተመሳሳይ አደጋ አለባቸው።

ጊዜ የሌላቸው መሆኑ። የደም መመረዝ የተጠረጠረበት ጨቅላ ሕፃን የላቦራቶሪ ውጤት እስኪደርስ ሊጠብቅ አይችልም። ሕክምናው የሚጀመረው በአብዛኛው በአምፒሲሊንና በጄንታማይሲን ነው። ኢትዮጵያን ጨምሮ በ7 የእስያና የአፍሪካ አገሮች በጨቅላ ሕፃናት ላይ የተደረገ ጥናት እንዳሳየው፣ ለደም መመረዝ ምክንያት ከሆኑት ባክቴሪያዎች መካከል ክሌብሲየላ ኒሞኒዬ የተባለው ቀዳሚውን ቦታ ይዟል፤ ከዚሁ የባክቴሪያ ወገን የሚመደቡት በርካቶቹም እነዚህን የመጀመሪያ ደረጃ መድኃኒቶች የተላመዱ ሆነው ተገኝተዋል። የመጀመሪያው መድኃኒት ካልሠራ ደግሞ የሚባክነው ጊዜ ለሕፃኑ እጅግ ውድ ነው።

አማራጮች ጥቂት መሆናቸው። ለአዋቂዎች ከሚሰጡ መድኃኒቶች ሁሉም ለሕፃናት አይሆኑም። የተወሰኑት ለሕፃናት ያላቸው ደኅንነት በበቂ ሁኔታ ያልተጠና ሲሆን ሌሎቹ ደግሞ ለሕፃናት በሚመች መልክ አልተዘጋጁም። ተለዋጭ መድኃኒቶች በአብዛኛው በመርፌ የሚሰጡ፣ ዋጋቸው የናረ፣ ሆስፒታል ተኝቶ መታከምን የሚጠይቁ ናቸው።

ፀረ-ባክቴሪያ መድኃኒት የሚያስፈልገው መቼ ነው?

ፀረ-ባክቴሪያ መድኃኒት የሚሠራው በባክቴሪያ ላይ ብቻ ነው። በቫይረስ በሚመጣ ሕመም ላይ ምንም ውጤት የለውም። በአንጻሩ በባክቴሪያ የመጣ ከባድ ሕመም ያለ መድኃኒቱ መታከም አይችልም። ስለሆነም ዓላማው ልጆችን ከመድኃኒቱ ማራቅ ሳይሆን ለሚያስፈልጋቸው ልጆች በትክክለኛው ጊዜ እንዲደርስ ማድረግ ነው።

ጉንፋንና ሳል። አብዛኛው ጉንፋን በቫይረስ የሚመጣ ሲሆን ያለ ፀረ-ባክቴሪያ መድኃኒት በራሱ ጊዜ ይድናል። ሳሉ እስከ 2 ሳምንት ሊቆይ ይችላል። የንፍጥ ቀለም ወደ ቢጫ ወይም አረንጓዴ መለወጡ ብቻውን ሕመሙ በባክቴሪያ መምጣቱን አያረጋግጥም። ልጁ በቂ ፈሳሽ እንዲያገኝ፣ ጡት የሚጠባም ከሆነ ቶሎ ቶሎ እንዲጠባ ማድረግ ይገባል። ዕድሜው ከ1 ዓመት በላይ ለሆነ ልጅ ማር ጉሮሮውን ሊያለሰልስለት ይችላል፤ ከ1 ዓመት በታች ለሆነ ሕፃን ግን ማር መስጠት አይፈቀድም።

የሳንባ ምች። ሳል ያለበት ሕፃን ቶሎ ቶሎ የሚተነፍስ ከሆነ የሳንባ ምች ሊሆን ስለሚችል በአፋጣኝ መመርመር አለበት። ልጁ ሳያለቅስና ሳይጠባ፣ በተረጋጋበት ሰዓት ለ1 ሙሉ ደቂቃ ትንፋሹን ይቁጠሩ። ዕድሜው ከ2 ወር በታች ከሆነ 60 እና ከዚያ በላይ፣ ከ2 እስከ 12 ወር ከሆነ 50 እና ከዚያ በላይ፣ ከ1 እስከ 5 ዓመት ከሆነ 40 እና ከዚያ በላይ ከቆጠሩ አተነፋፈሱ ፈጣን ነው። ለሳንባ ምች የመጀመሪያው ተመራጭ መድኃኒት አሞክሳሲሊን ሲሆን በጤና ኬላ ጭምር በሠለጠኑ የጤና ኤክስቴንሽን ባለሙያዎች ይሰጣል።

ተቅማጥ። አብዛኛው የሕፃናት ተቅማጥ ፀረ-ባክቴሪያ መድኃኒት አያስፈልገውም። ዋናው ሕክምና ከሰውነት የወጣውን ፈሳሽ በኦ.አር.ኤስ. መተካት እና ዚንክ መስጠት ነው። ዚንክ ከ6 ወር በታች ለሆኑ ሕፃናት በቀን 10 ሚሊ ግራም፣ ከ6 ወር በላይ ለሆኑት በቀን 20 ሚሊ ግራም ለ10 ቀናት ይሰጣል፤ ተቅማጡ ቢቆምም እንኳ ሳይቋረጥ መጨረስ አለበት። ደም የተቀላቀለበት ተቅማጥ ግን በጤና ባለሙያ መታየትና እንደ ውጤቱ በፀረ-ባክቴሪያ መድኃኒት መታከም ይኖርበታል።

የጉሮሮ ሕመም። የጉሮሮ ሕመምም በብዛት በቫይረስ የሚመጣ ነው። ሆኖም ስትሬፕቶኮከስ በተባለ ባክቴሪያ የመጣ የቶንሲል ሕመም በአግባቡ ካልታከመ የልብ በሽታን ሊያስከትል ስለሚችል ምርመራው መዘለል የለበትም። እንጥል ማስቆረጥ ሕክምና አይደለም፤ ለደም መፍሰስና ለከባድ ኢንፌክሽን ያጋልጣል።

ትኩሳት። ትኩሳት የብዙ ሕመሞች የጋራ ምልክት ነው። ወባ ባለባቸው አካባቢዎች የደም ምርመራ ሳይደረግ ሕክምና መጀመር አይገባም፤ የወባ ሕክምናም የራሱ መድኃኒት አለው። በተመሳሳይ ዊዳል በሚባለው የደም ምርመራ ብቻ ተመሥርቶ ልጁ «ታይፎይድ አለበት» ተብሎ በተደጋጋሚ መድኃኒት የሚሰጠው ከሆነ ጥያቄ ማንሳት ተገቢ ነው። ይህ ምርመራ ሕመሙ በሌለበትም ሊያሳይ የሚችል በመሆኑ በሐኪም ምርመራ መደገፍ አለበት።

ሳይዘገዩ ወደ ጤና ተቋም መሄድ የሚያስፈልግባቸው ምልክቶች

ዕድሜው ከ2 ወር እስከ 5 ዓመት የሆነ ልጅ ከሚከተሉት አንዱ ከታየበት ቀንም ሆነ ሌሊት ሳይጠብቁ ወደ ጤና ተቋም ይውሰዱት፦

- መጠጣት ወይም መጥባት ካቃተው፤
- የወሰደውን ሁሉ የሚያስመልሰው ከሆነ፤
- ሰውነቱን ካንቀጠቀጠው፤
- ከደከመ፣ ከፈዘዘ ወይም ራሱን ከሳተ፤
- ሲተነፍስ የታችኛው የደረቱ ክፍል ወደ ውስጥ የሚገባ ከሆነ።

ዕድሜው ከ2 ወር በታች በሆነ ሕፃን ላይ ምልክቶቹ ረቂቅ ሊሆኑ ስለሚችሉ ይበልጥ ንቁ መሆን ያስፈልጋል። ከቀድሞው ይልቅ ጥቂት ብቻ መጥባት ወይም ጨርሶ አለመጥባት፣ ሲነካ ካልሆነ አለመንቀሳቀስ፣ የሰውነት ሙቀት 37.5 ዲግሪ ሴንቲግሬድ እና ከዚያ በላይ መሆን ወይም ከ35.5 በታች መውረድ፣ ፈጣን አተነፋፈስ፣ የእትብት አካባቢ መቅላት ወይም መግል መያዝ የአደገኛ ኢንፌክሽን ምልክቶች ሊሆኑ ይችላሉ። የጨቅላ ሕፃን ሰውነት መቀዝቀዝም እንደ ትኩሳት ሁሉ አስጊ መሆኑን ማስተዋል ያስፈልጋል።

እንዲህ ዓይነት ምልክት ያለበትን ሕፃን በቤት ውስጥ በተገኘ መድኃኒት ለማከም መሞከር ውድ ጊዜን ከማባከኑም በላይ በኋላ የሚደረገውን የላቦራቶሪ ምርመራ ውጤት ሊያዛባ ይችላል።

በጤና ተቋም ምን መጠበቅና ምን መጠየቅ ይገባል?

ወደ ጤና ተቋም ሲሄዱ የልጁን የክትባት ካርድ፣ ከዚህ ቀደም የወሰዳቸውን መድኃኒቶች ካርቶን ወይም ጠርሙስ፣ የማኅበረሰብ አቀፍ ጤና መድን አባል ከሆኑም የአባልነት መታወቂያዎን ይያዙ። ልጁ በቅርቡ ሆስፒታል ተኝቶ ታክሞ ከሆነ፣ ፀረ-ባክቴሪያ መድኃኒት ወስዶ ከሆነ ወይም በመድኃኒት ምክንያት ሽፍታ፣ እብጠት ወይም የመተንፈስ ችግር አጋጥሞት ከሆነ ለባለሙያው ሳይጠየቁ ይንገሩ። ያለ ትእዛዝ የሰጡት መድኃኒት ካለም አይደብቁ፤ መረጃው ትክክለኛውን መድኃኒት ለመምረጥ ያግዛል።

ሕመሙ ከባድ ከሆነ ወይም የተጀመረው ሕክምና ውጤት ካላሳየ ሐኪሙ የካልቸር ምርመራ ሊያዝ ይችላል። በዚህ ምርመራ ከልጁ ደም፣ ሽንት ወይም ከሌላ የሰውነት ፈሳሽ ናሙና ተወስዶ ባክቴሪያው በላቦራቶሪ እንዲያድግ ከተደረገ በኋላ የትኛው መድኃኒት እንደሚሠራበት ይፈተሻል። ባክቴሪያው ለማደግ ጊዜ ስለሚወስድ ውጤቱ ለመድረስ ቀናት ሊፈጅ ይችላል። ምርመራው አቅሙ ባላቸው ሆስፒታሎችና ላቦራቶሪዎች የሚሰጥ በመሆኑ ልጁ ወደ ሌላ ተቋም ሊላክ ይችላል። ውጤቱ ሲደርስ ሐኪሙ መድኃኒቱን ቢቀይር ወይም ቢያቋርጥ የመጀመሪያው ውሳኔ ስህተት ነበር ማለት አይደለም፤ ሕክምናው በማስረጃ እየተስተካከለ መሆኑን ያሳያል።

ፀረ-ባክቴሪያ መድኃኒት ሲታዘዝ የሚከተሉትን ጥያቄዎች መጠየቅ መብትዎ ነው፦

- የልጄ ሕመም ምንድን ነው? ፀረ-ባክቴሪያ መድኃኒት ያስፈለገው ለምንድን ነው?
- በስንት ሰዓት ልዩነት፣ ምን ያህል መጠን፣ ለስንት ቀን ይሰጠው?
- ምን ምልክት ካየሁ ቶሎ ልመለስ? የቀጠሮው ቀን መቼ ነው?

ባለሙያው መድኃኒት አያስፈልገውም ካለ ደግሞ ልጁ እንዳልታከመ መቁጠር አይገባም። ምርመራው፣ ምክሩና የክትትል ቀጠሮው ራሳቸው ሕክምና ናቸው። ባለሙያው እንዲጽፍ መጫን ወይም ከዚያ ወጥቶ በመድኃኒት ቤት ያለ ማዘዣ መግዛት ልጁን ለማያስፈልገው የጎንዮሽ ጉዳት ይዳርገዋል።

መድኃኒቱን በቤት ውስጥ በአግባቡ መስጠት

የሕፃናት መድኃኒት መጠን የሚወሰነው በአብዛኛው በክብደታቸው ነው። ስለሆነም ለታላቅ ወንድሙ የተሰጠው መጠን ለታናሹ አይሆንም። መጠኑ ሲያንስ ባክቴሪያው ይተርፋል፤ ሲበዛ ደግሞ ልጁ ይጎዳል።

- በዱቄት መልክ የሚሸጥ ሽሮፕ ከሆነ ፈልቶ በቀዘቀዘ ንጹሕ ውኃ በጠርሙሱ ላይ እስከተመለከተው ምልክት ድረስ ይበጥብጡት። እንዴት እንደሚበጠበጥ የፋርማሲ ባለሙያው እንዲያሳይዎ ይጠይቁ።
- ከመስጠትዎ በፊት ሁልጊዜ ጠርሙሱን በደንብ ይነቅንቁ።
- በቤት ማንኪያ ፈንታ ከመድኃኒቱ ጋር በተሰጠው መለኪያ ወይም መርፌ በሌለው ሲሪንጅ ይለኩ። የቤት ማንኪያዎች መጠናቸው የተለያየ ነው።
- በውኃ የሚሟሟ የአሞክሳሲሊን እንክብል ከተሰጠ በትንሽ ንጹሕ ውኃ ወይም በታለበ የእናት ጡት ወተት አሟሙተው ወዲያውኑ ይስጡ።
- በታዘዘው የሰዓት ልዩነት ይስጡ። አንድ ጊዜ ቢያልፍዎ ለማካካስ በሚቀጥለው ሰዓት እጥፍ አይስጡ።
- ልጁ የተሻለው ቢመስልም ባለሙያው ያዘዘው ቀን ሳያበቃ አያቋርጡ። ማቋረጥ ወይም መለወጥ ካስፈለገ ውሳኔው የባለሙያው ነው።
- ለሳንባ ምች በቤት ውስጥ መድኃኒት የሚወስድ ልጅ ከ2 ቀን በኋላ ተመልሶ እንዲታይ ያድርጉ። ከባሰበት የቀጠሮውን ቀን አይጠብቁ።
- የተበጠበጠ ሽሮፕ በጠርሙሱ ላይ ከተጻፈው ቀን በላይ አያስቀምጡ፤ ለሌላ ጊዜ ሕመምም አያቆዩት።

መደረግ የሌለባቸው ተግባራት

ኅብረተሰቡ ለበጎ በማሰብ የሚፈጽማቸው፣ ነገር ግን ለመድኃኒት መላመድ በር የሚከፍቱ አንዳንድ ልማዶች አሉ። ከእነዚህም መካከል፦

- የተረፈ መድኃኒትን አስቀምጦ ለሌላ ልጅ መስጠት ወይም ለጎረቤት ማዋስ፤
- የአሞክሳሲሊን ወይም የቴትራሳይክሊን እንክብል ፈልቅቆ ዱቄቱን ቁስል ላይ መነስነስ፤
- ቀደም ሲል በተጻፈ ማዘዣ ደግሞ መግዛት፤
- ገንዘብ ባነሰ ጊዜ የታዘዘውን ግማሽ ብቻ ገዝቶ መጀመር፤ አቅም ካነሰ ይህንኑ ለባለሙያው በመንገር አማራጭ መጠየቅ ይገባል፤
- ከሱቅ፣ ከገበያ ወይም ከአዟሪ መድኃኒት መግዛት፤ እንዲህ ያለው መድኃኒት ጊዜው ያለፈበት፣ በፀሐይ የተበላሸ ወይም ሐሰተኛ ሊሆን ይችላል።

በኢትዮጵያ ፀረ-ባክቴሪያ መድኃኒቶች በማዘዣ ብቻ ከሚሸጡት ወገን ሲሆኑ የመድኃኒት ቁጥጥሩ በምግብና መድኃኒት አስተዳደር አዋጅ ቁጥር 1112/2011 መሠረት ይከናወናል። አንድ የፋርማሲ ባለሙያ ያለ ማዘዣ አልሸጥም ሲል ሕግን ማክበሩና የልጅዎን ጤና መጠበቁ መሆኑን ይረዱለት።

ኢንፌክሽንን መከላከል

ያልታመመ ልጅ መድኃኒት አያስፈልገውም። ስለዚህ መላመድን ለመግታት አንዱ አስተማማኝ መንገድ ሕመሙ እንዳይከሰት ማድረግ ነው።

ክትባት። በአገራችን በነፃ ከሚሰጡት ክትባቶች መካከል በ6ኛ፣ በ10ኛ እና በ14ኛ ሳምንት የሚሰጡት የፔንታቫለንትና የኒሞኮካል ክትባቶች ለሳንባ ምችና ለማጅራት ገትር ምክንያት የሚሆኑ ዋና ዋና ባክቴሪያዎችን ይከላከላሉ። የሮታ ቫይረስ ክትባት ከባድ ተቅማጥን ይቀንሳል። በ9ኛ እና በ15ኛ ወር የሚሰጠው የኩፍኝ ክትባት ደግሞ ኩፍኝን ተከትለው ከሚመጡ የሳንባና የጆሮ ኢንፌክሽኖች ይጠብቃል። የተጀመረ ክትባት ካመለጠ ወደ ጤና ተቋም ሄዶ መቀጠል እንጂ መተው አይገባም።

የእናት ጡት ወተት። ሕፃኑ በተወለደ በ1 ሰዓት ውስጥ መጥባት እንዲጀምርና እስከ 6 ወር የእናት ጡት ወተት ብቻ እንዲመገብ ማድረግ ከተቅማጥና ከሳንባ ምች ይከላከላል። ልጁ በሚታመምበትም ሆነ መድኃኒት በሚወስድበት ጊዜ ጡት ማጥባት መቋረጥ የለበትም።

በጤና ተቋም መውለድና የእትብት ጥንቃቄ። ንጹሕ በሆነ ሁኔታ መውለድ ጨቅላ ሕፃናትን ከኢንፌክሽን ይታደጋል። እትብት ላይ በባለሙያ ከታዘዘ ውጭ ቅቤ፣ አፈር፣ እበት ወይም ሌላ ነገር ማድረግ አይገባም።

የእጅ ንጽሕና። ከመጸዳጃ ቤት መልስ፣ ልጅ ካጸዳዱ በኋላ፣ ምግብ ከማዘጋጀትና ልጅ ከመመገብ በፊት እጅን በውኃና በሳሙና መታጠብ ያስፈልጋል። ጨቅላ ሕፃን በተኛበት የሆስፒታል ክፍል ጠያቂዎችን መቀነስና ሕፃኑን ከመንካት በፊት እጅን ማጽዳት የግድ ነው። ሕፃኑን የሚነካ ባለሙያ እጁን እንዲያጸዳ በአክብሮት ማስታወስም የወላጅ መብት ነው።

እንስሳት። ኦክሲቴትራሳይክሊንን የመሳሰሉ ፀረ-ባክቴሪያ መድኃኒቶች ለእንስሳት ሕክምናም ይውላሉ። ለከብት ሕክምና የሚሰጠውን መድኃኒት በእንስሳት ጤና ባለሙያ ትእዛዝ ብቻ መጠቀም፣ የታከመች ላምን ወተት ባለሙያው የወሰነው ጊዜ እስኪያልፍ ለምግብነት አለማዋል፣ ወተትን አፍልቶ መጠቀም እና ሕፃናትን ከበረትና ከዶሮ ኩስ ማራቅ ይገባል።

በተደጋጋሚ የሚነሱ ጥያቄዎች

መርፌ ከሚዋጥ መድኃኒት ይሻላል? አይደለም። መውሰድ ለሚችል ልጅ በአፍ የሚሰጥ መድኃኒት ለብዙ ሕመሞች በቂ ነው። መርፌ የሚያስፈልገው ሕመሙ ከባድ ሲሆን ወይም ልጁ መዋጥ ሳይችል ሲቀር ነው።

«ጠንካራ» ወይም ውድ መድኃኒት ቢታዘዝለት አይሻልም? የዓለም ጤና ድርጅት ፀረ-ባክቴሪያ መድኃኒቶችን በ3 ምድብ ከፍሏል። እንደ አሞክሳሲሊን ያሉት ለተለመዱ ኢንፌክሽኖች በቅድሚያ የሚመረጡ ናቸው። እንደ ሴፍትሪያክሶንና አዚትሮማይሲን ያሉት በጥንቃቄ፣ ለተወሰኑ ሕመሞች የሚውሉ ናቸው። እንደ ኮሊስቲን ያሉት ደግሞ ሌላው ሁሉ ሳይሠራ ሲቀር በመጨረሻ የሚታሰቡ ናቸው። ቀላሉ መድኃኒት የሚያድነውን ሕመም በከባዱ ማከም የመጨረሻውን አማራጭ አስቀድሞ ማባከን ነው።

ልጄ መድኃኒት በተላመደ ባክቴሪያ ከተያዘ ሊድን አይችልም ማለት ነው? አይደለም። በካልቸር ምርመራ የሚሠራውን መድኃኒት ለይቶ ማከም ይቻላል። ሆኖም ሕክምናው ሊረዝም፣ ወጪው ሊጨምርና የሆስፒታል ቆይታ ሊያስፈልግ ይችላል። በጊዜ መምጣት ወሳኝ የሚሆነውም በዚህ ምክንያት ነው።

ትኩሳቱ መድኃኒቱን በጀመረ ማግሥት አልጠፋም፤ ልለውጥለት? በራስዎ ውሳኔ አይለውጡ። መድኃኒቱ ውጤቱን ለማሳየት ጊዜ ሊወስድ ይችላል። በቀጠሮው ቀን ልጁን ይዘው ይምጡ፤ ከላይ ከተዘረዘሩት አደገኛ ምልክቶች አንዱ ከታየ ግን ወዲያውኑ ይመለሱ።

መረጃና ጥቆማ

ስለ ልጅዎ ጤና ምክር ለማግኘት በአቅራቢያዎ የሚገኘውን የጤና ኤክስቴንሽን ባለሙያ ወይም ጤና ጣቢያ ያነጋግሩ። የጤና ሚኒስቴርን በነፃ የስልክ መስመር 952 ማግኘት ይቻላል። ያለ ማዘዣ የሚሸጡ ፀረ-ባክቴሪያ መድኃኒቶችን፣ ሕገወጥ የመድኃኒት ንግድንና መድኃኒት ያስከተለውን የጎንዮሽ ጉዳት በተመለከተ ለኢትዮጵያ ምግብና መድኃኒት ባለሥልጣን በነፃ የስልክ መስመር 8482 ጥቆማ መስጠት ይቻላል።

በየዓመቱ ከኅዳር 9 እስከ 15 በዓለም አቀፍ ደረጃ የፀረ-ተሕዋስያን መድኃኒቶች መላመድ የግንዛቤ ሳምንት ይከበራል። ጥንቃቄው ግን በሳምንቱ ብቻ የሚወሰን አይደለም። በዓመቱ ውስጥ በማንኛውም ቀን አንድ ወላጅ ለጉንፋን ፀረ-ባክቴሪያ መድኃኒት ሳይገዛ ሲቀር ወይም የታዘዘለትን በአግባቡ ሲያስጨርስ፣ መድኃኒቱ በእርግጥ ለሚያስፈልገው ሕፃን እንደሠራ እንዲቆይ ያደርጋል። ያ ሕፃን የጎረቤት ልጅ ሊሆን ይችላል፤ ነገ የራሱም ልጅ ሊሆን ይችላል።